የአራት ፕላኔቶችን ምህዋር የሚያቋርጠው ኢካሩስ፦ እንዴት ተገኘ? እስካሁንስ ለምን አልተጋጨም?

ጥያቄ፦ አዲስ ተመልካች

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ አስትሮይዶች ሳነብ 1566 ኢካሩስ የተባለ አንድ አስትሮይድ የሜርኩሪን፣ የቬነስን፣ የመሬትንና የማርስን ምህዋር በሙሉ እንደሚያቋርጥ የሚገልጽ ጽሑፍ አገኘሁ። ከጽሑፉ ጋር በቀረበው ሥዕል ላይ የአራቱ ፕላኔቶች ምህዋሮች አንዱ በሌላው ውስጥ እንደተቀመጡ ቀለበቶች ይታያሉ፤ የኢካሩስ ምህዋር ደግሞ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ እንደ ረዘመ ሞላላ ሆኖ እያንዳንዱን ቀለበት ሁለት ሁለት ጊዜ ያቋርጠዋል። በእርሳስ እየተከተልኩ ብቆጥር ስምንት መገናኛዎች አገኘሁ።

ግራ ያጋባኝ ነገር ይህ ነው። አስትሮይዱ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ409 ቀን ገደማ ከሆነና ከተገኘ ወዲህ ከ60 ዙር በላይ ከፈጸመ፣ በእነዚህ ሁሉ ዙሮች ስምንቱን መስቀለኛ መንገዶች ሲያልፍ አንድ ጊዜ እንኳ ከአንዱ ፕላኔት ጋር ሳይገጣጠም የቀረው በዕድል ብቻ ነው? ወይስ እኔ ያልተረዳሁት ሌላ ምክንያት አለ? በተጨማሪም ማን፣ የትና እንዴት እንዳገኘው፣ ስፋቱና ጠባዩ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ቢያብራራልኝ ደስ ይለኛል። ጽሑፉ «አደገኛ ሊሆኑ ከሚችሉት» መካከል መድቦታልና፣ ይህ ስያሜ ምን ያህል በቁም ነገር መወሰድ እንዳለበትም ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሌሊት ጠባቂ

ጤና ይስጥልን። ስለ ምህዋሩ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዱ ሰዎች እዚህ ስላሉ እኔ ስለ አገኛኘቱ ልናገር። ኢካሩስን ያገኘው ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዋልተር ባዴ ሲሆን፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1949፣ ቦታው ደግሞ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የፓሎማር ተራራ የከዋክብት መመልከቻ ነው። መሣሪያው 48 ኢንች ወይም 1.2 ሜትር ስፋት ያለው የሽሚት ቴሌስኮፕ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ትልቁ ጥቅሙ ሩቁን ማጉላቱ ሳይሆን ሰፊ የሰማይ ክፍል በአንድ ጊዜ ፎቶ ማንሳቱ ነው፤ ያልታሰበ ነገር ለማጥመድ ደግሞ ሰፊ መረብ የያዘ ይሻላል።

በዚያ ዘመን ፎቶ የሚነሳው ብርሃን በሚቀበል ኬሚካል በተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ላይ ነበር። መሬት በዛቢያዋ ላይ ስለምትዞር ከዋክብቱ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ቴሌስኮፑም በሞተር እየታገዘ ሰሌዳው ለብርሃን ክፍት ሆኖ እስከቆየ ድረስ ይከተላቸዋል። ሰሌዳው ታጥቦ በማጉያ መነጽር ሲመረመር ከዋክብቱ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ፤ ለእኛ ቅርብ የሆነ አካል ግን በዚያው ጊዜ ውስጥ በከዋክብቱ መካከል ስለሚንቀሳቀስ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ይተዋል። በማርስና በጁፒተር መካከል ያሉት የተለመዱት አስትሮይዶች የሚተዉት ጭረት አጭር ነው። ጭረቱ ከተለመደው በጣም ረዝሞ ሲገኝ ነገሩ ወይ በጣም ቅርብ፣ ወይ በጣም ፈጣን፣ ወይም ሁለቱንም እንደሆነ ይገመታል። ይሁን እንጂ ከአንድ ሰሌዳ ብቻ ከጭረቱ ሁለት ጫፎች የትኛው መነሻ፣ የትኛው መድረሻ እንደሆነ መለየት ስለማይቻል፣ ምህዋሩን ለማስላት በቀጣዮቹ ሌሊቶች እንደገና መፈለግ የግድ ነው።

መጀመሪያ የተሰጠው ጊዜያዊ መለያ 1949 ኤምኤ ነበር። ይህ መለያ በዘፈቀደ የወጣ አይደለም። ዓመቱ በግማሽ በግማሽ ወር ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የላቲን ፊደል ስለሚሰጥ፣ «ኤም» የጁንን ሁለተኛ አጋማሽ ያመለክታል፤ «ኤ» ደግሞ በዚያ አጋማሽ ከተመዘገቡት የመጀመሪያው መሆኑን ይናገራል። 1566 የሚለው ቋሚ ቁጥር የመጣው ምህዋሩ በሚገባ ከታወቀ በኋላ ነው። ስሙ ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደ ሲሆን፣ ኢካሩስ በሰም የተጣበቀ ክንፍ ለብሶ ሲበር ወደ ፀሐይ አብዝቶ በመጠጋቱ ሰሙ ቀልጦበት ባሕር ውስጥ የወደቀው ወጣት ነው። ስሙ እንዲያውም ልክክ ብሎለታል፤ አስትሮይዱ በቅርብ ነጥቡ ከፀሐይ የሚርቀው 28 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከሜርኩሪ አማካይ ርቀት ከግማሽ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፌቶን የተባለው አስትሮይድ እስኪገኝ ድረስ በዚህ ረገድ የሚወዳደረው አልነበረም። ፌቶን ወደ 21 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ይጠጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባዴ ስሙ የሚነሳው በአስትሮይድ ሳይሆን በጋላክሲዎች ጥናት ነው፤ ከዋክብት በዕድሜና በይዘት በሁለት ታላላቅ ወገኖች እንደሚከፈሉ ያሳየው እርሱ ነው። ሆኖም በጎን ካገኛቸው ጥቂት አስትሮይዶች መካከል ወጣ ያለ ጠባይ ያላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 ያገኘው ሂዳልጎ እስከ ሳተርን ምህዋር አካባቢ የሚዘልቅ ሲሆን፣ በ1924 ያገኘው ጋኒሜድ ደግሞ ወደ መሬት ምህዋር ከሚቀርቡት አስትሮይዶች ሁሉ ትልቁ ነው። ይህን ጋኒሜድ ከጁፒተር ጨረቃ ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸውና ልብ ይበሉ።

መልስ፦ ቀማሪ

ጠያቂያችን ስምንት መገናኛ መቁጠርዎ ልክ ነው፤ ስህተቱ ያለው በወረቀቱ ላይ ነው። ሥዕሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰማዩ ግን ጠፍጣፋ አይደለም።

«ምህዋር ያቋርጣል» የሚለው አነጋገር በሥነ ፈለክ ውስጥ የሚናገረው ስለ ርቀት ብቻ ነው። አንድ አስትሮይድ በቅርብ ነጥቡ ከፕላኔቱ ይልቅ ለፀሐይ የሚቀርብ፣ በሩቅ ነጥቡ ደግሞ ከፕላኔቱ ይልቅ ከፀሐይ የሚርቅ ከሆነ የዚያን ፕላኔት ምህዋር ያቋርጣል ይባላል። የኢካሩስ ርቀት በ0.187 እና በ1.97 የሥነ ፈለክ አሃድ መካከል ይለዋወጣል፤ አንድ አሃድ የመሬትና የፀሐይ አማካይ ርቀት፣ ማለትም 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። የአራቱም ፕላኔቶች ርቀት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ስለሚወድቅ «አራቱንም ያቋርጣል» ተባለ። መስመሮቹ በእርግጥ ይነካካሉ ወይስ አይነካኩም የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ሁለት የሽቦ ቀለበቶችን ይውሰዱ። አንዱን ክብ፣ ሌላውን ሞላላ ያድርጓቸውና ሞላላውን 23 ዲግሪ ያህል አዘምመው ከክቡ ጋር ያነባብሯቸው። ከላይ በቀጥታ ሲያዩዋቸው ሽቦዎቹ በሁለት ቦታ የተነካኩ ይመስላሉ፤ ዓይንዎን ዝቅ አድርገው ከጎን ሲመለከቱ ግን በመካከላቸው ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ያገኛሉ። የኢካሩስ ምህዋር የመሬት ምህዋር ከሚገኝበት ጠለል፣ ማለትም ምህዋሯ ከተዘረጋበት ጠፍጣፋ ወለል፣ የዘመመው በዚሁ 23 ዲግሪ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ስሌቱን በወረቀት ስለሠራሁት ውጤቱን ብቻ ላስቀምጥ። ኢካሩስ የመሬትን ጠለል በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ብቻ ሰንጥቆ ያልፋል። አንደኛው ቦታ ከፀሐይ 0.20 አሃድ ላይ፣ ከሜርኩሪም ወዲያ በስተውስጥ ነው፤ ሁለተኛው 1.16 አሃድ ላይ፣ ከመሬት ምህዋር በስተውጭ ነው። ከፀሐይ ያለው ርቀት በትክክል ከመሬት ጋር እኩል በሚሆንባቸው ሁለት ነጥቦች ላይስ የት ነው? ከፀሐይ ተመልሶ ወደ ውጭ ሲወጣ ከጠለሉ በላይ በስተሰሜን ወደ 6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወደ ፀሐይ ሲገባ ደግሞ ከጠለሉ በታች ከ50 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ከመሬት ቀለበት ጋር የቆጠሯቸው ሁለት መገናኛዎች አንዱ የድልድይና የወንዝ ዓይነት መተላለፍ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከነጭራሹ መገናኛ ሊባል አይገባውም።

ከዚህ የምንረዳው ኢካሩስ ከመሬት ጋር የማይጋጨው በዕድል ሳይሆን መንገዶቹ ስለማይነካኩ መሆኑን ነው። መጋጨት አይችልም።

ስለ ፍጥነቱም አንድ ቃል። ሞላላው በጣም የረዘመ ስለሆነ ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል፤ በፀሐይ አጠገብ በሰከንድ 93 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ፣ ከማርስ ማዶ ባለው ሩቅ ነጥቡ ግን በሰከንድ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። አብዛኛውን የዙሩን ጊዜ የሚያሳልፈውም በዚያ በዝግታ በሚጓዝበት ሩቅ ክፍል ነው።

መልስ፦ ባለ ሁለት መነጽር

ቀማሪ የሰጡት የጂኦሜትሪ ማብራሪያ ግሩም ነው፤ ነገር ግን «መጋጨት አይችልም» የሚለውን የመጨረሻ ቃል እንዳለ ልቀበለው አልችልም። ትክክለኛው አባባል «ምህዋሩ አሁን ባለበት ሁኔታ መጋጨት አይችልም» የሚል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ጠያቂያችን ስለ ስያሜው ላነሱት ጥያቄ መልሱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

አንድ አስትሮይድ «አደገኛ ሊሆን የሚችል» የሚባለው ሁለት መለኪያዎችን ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ የአስትሮይዱና የመሬት ምህዋሮች እጅግ በሚቀራረቡበት ቦታ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ0.05 አሃድ፣ ማለትም ከ7.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በታች መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አካሉ በብሩህነቱ ተገምቶ ወደ 140 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሰፋ መሆን አለበት። የኢካሩስ ክፍተት ወደ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሆነና ስፋቱም ከኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ሁለቱንም ያሟላል። እንግዲህ ስያሜው ስለ ክፍተትና ስለ ስፋት ይናገራል እንጂ አንድ ቀን ተቆርጦ ግጭት ይጠበቃል ማለት አይደለም። ስሙ አስደንጋጭ በመሆኑ ጋዜጦች በየጊዜው ያራግቡታል፤ ለእኔ «ክትትል የሚያስፈልገው» ቢባል ይበልጥ ይስማማው ነበር።

ክትትል የሚያስፈልገው ምህዋሩ ቋሚ ስላልሆነ ነው። በአጠገባቸው የሚያልፍባቸው ፕላኔቶች፣ ከሩቅም ጁፒተር፣ በስበታቸው ጥቂት በጥቂት ይጎትቱታል። በዚህ ምክንያት ሞላላው ያለበት አቅጣጫ በሺህ ዓመታት ሂደት ይዞራል፤ ቀማሪ የጠቀሷቸው ሁለቱ ጠለል መሰንጠቂያ ነጥቦችም ቦታቸውን ይለውጣሉ። ዛሬ 1.16 አሃድ ላይ ያለው ነጥብ ነገ ማለትም ከሺህ ዓመታት በኋላ ወደ 1 አሃድ ቢጠጋ የሽቦዎቹ ክፍተት ይዘጋል። ያን ጊዜም ቢሆን መሬትና አስትሮይዱ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ መገኘት አለባቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ አንጻራዊ ፍጥነት ይጋጩ ነበር።

ለዚህ ሌላ ረቂቅ ምክንያት ይጨመርበታል። በፀሐይ የሞቀው የአስትሮይዱ ገጽ ሙቀቱን መልሶ ወደ ሕዋ ሲተፋ እጅግ ደካማ ግፊት ይፈጥራል፤ ይህ ያርኮቭስኪ ውጤት ይባላል። አካሉ በዛቢያው ስለሚዞር ሙቀቱ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ላይ ካለው ጎኑ አብልጦ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ እንደ ዙረቱ አቅጣጫ ምህዋሩን ያሰፋዋል ወይም ያጠብበዋል። በኢካሩስ ላይ የተገኘው ማጥበብ ሲሆን፣ ይህም አስትሮይዱ በዛቢያው የሚዞረው ፀሐይን ከሚዞርበት አቅጣጫ ተቃራኒ መሆኑን ያመለክታል። ለውጡ በዓመት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ከመሬት ሆኖ በሚሊዮኖች ኪሎ ሜትር ርቀት ያለን ድንጋይ የዚህን ያህል ለውጥ ለይቶ መናገር መቻሉ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ከየት እንደመጣም ባጭሩ ልናገር። እንደነዚህ ያሉ አካላት ዕድሜያቸው በሚሊዮኖች ዓመታት የሚቆጠር እንግዶች ናቸው። የትውልድ ቦታቸው በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው ቀበቶ ሲሆን፣ የጁፒተርና የሳተርን ስበት ተደጋግሞ በአንድ አቅጣጫ ከሚገፋባቸው ቦታዎች ሲደርሱ ሞላላቸው እየረዘመ ወደ ውስጥ ይጣላሉ። አብዛኞቹ በመጨረሻ ወይ ፀሐይ ውስጥ ይገባሉ፣ ወይ ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ ይወረወራሉ፤ ፕላኔት የሚመቱት ጥቂቶቹ ናቸው።

ጠያቂ፦ አዲስ ተመልካች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሽቦውን ምሳሌ በእርግጥ ሞከርኩት፤ ሥዕሉ እንዴት እንዳታለለኝ አሁን ገባኝ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ኢካሩስ መሬትን ይመታል ተብሎ በኑክሌር ቦምብ ሊመቱት ታቅዶ እንደነበር የሚናገር ሰው አጋጥሞኛል። ይህ እውነት ነው? ሁለተኛ፣ በየስንት ዓመቱ ነው የሚቀርበን? በ409 ቀን አንዴ የሚዞር ከሆነ በየዓመቱ ገደማ ልናየው አይገባም ነበር?

መልስ፦ ሌሊት ጠባቂ

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ይመታል ተብሎ የተሰላ ነገር ፈጽሞ አልነበረም፤ ምህዋሩ በደንብ ይታወቅ ነበር። የሆነው ነገር እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1967 የጸደይ ወራት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አንድ መምህር ለምህንድስና ተማሪዎቻቸው የክፍል ሥራ ሰጡ። የጥያቄው መነሻ «ኢካሩስ በሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ መሬትን እንደሚመታ ታውቋል እንበል፤ ባለው ቴክኖሎጂ እንዴት ታስቆሙታላችሁ?» የሚል ነበር። ተማሪዎቹ ያቀረቡት መፍትሔ ለጨረቃ ጉዞ እየተሠራ በነበረው ሳተርን 5 ሮኬት ስድስት ጊዜ እየተኮሱ፣ በእያንዳንዱ 100 ሜጋቶን የሚመዝን ጉልበት ያለው ኑክሌር ቦምብ ልኮ በአስትሮይዱ አጠገብ በማፈንዳት አቅጣጫውን ማሳት ነበር። ሥራው በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ወሬው እየተላለፈ ሲሄድ «እንበል» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ጠፋች።

እውነተኛው የ1968 ክንውን ግን ከወሬው የሚልቅ ነው። ጁን 14 ቀን ኢካሩስ በ6.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈ፤ ይህ የጨረቃ ርቀት 16 ጊዜ ተኩል ያህል ነው። በዚያ ሰሞን በካሊፎርኒያ የሚገኘው የጎልድስቶን አንቴናና በማሳቹሴትስ የሚገኘው የሃይስታክ አንቴና የራዳር ሞገድ ላኩበት፤ ሞገዱ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ 42 ሰከንድ ያህል ይወስድ ነበር። የተመለሰው ማሚቶ ከመሣሪያው ጫጫታ በጭንቅ የሚለይ ደካማ ነበር፤ ነገር ግን ተገኘ። በዚህም ኢካሩስ በራዳር የታየ የመጀመሪያው አስትሮይድ ሆነ። ዛሬ የአስትሮይዶችን ቅርጽ በራዳር እያየን ስንደነቅ መነሻው ያ ደካማ ማሚቶ መሆኑን ባንረሳ መልካም ነው።

በዚያው ጊዜ በብርሃኑ መለዋወጥ የዙረቱ ጊዜ ተለካ፤ በዛቢያው አንድ ጊዜ የሚዞረው በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። የድንጋይና የጠጠር ክምር የሆነ አስትሮይድ ከ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ይበልጥ ከፈጠነ ወገቡ ላይ ያለው ነገር ከስበቱ አምልጦ ይበተናል፤ ኢካሩስ ያለው በዚህ ድንበር ጫፍ ላይ ነው። በወገቡ ላይ የተቀመጠ ጠጠር ክብደት የለውም ለማለት ይቀርባል። ስፋቱን በተመለከተ የቆዩ ጽሑፎች ወደ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁጥር ሲሰጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጁን 16 ቀን በ8.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲያልፍ የተደረገው የራዳር ምልከታ ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር ከፍ አድርጎታል፤ ቅርጹም ከዋልታዎቹ በኩል ጠፍጠፍ ያለ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት አያስገርምም፤ በብሩህነት ብቻ ስፋት ሲገመት ትንሽና ነጭ ድንጋይ ከትልቅና ጥቁር ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል።

ይዘቱ ድንጋያማ ነው። በቅርብ ነጥቡ ከፀሐይ የሚደርሰው ብርሃን መሬት ላይ ከሚደርሰው 28 እጥፍ ይበልጣል፤ ለፀሐይ ቀጥ ብሎ የተጋለጠው ገጹ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፣ እርሳስ ለማቅለጥ ከሚበቃው በእጅጉ ይበልጣል። በሩቅ ነጥቡ ደግሞ የሚደርሰው ብርሃን የመሬት አንድ አራተኛ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ ከመቶ እጥፍ በላይ የሚለዋወጥ ብርሃን ማለት ነው።

መልስ፦ ቀማሪ

በመጀመሪያ የባለ ሁለት መነጽርን እርማት ተቀብያለሁ፤ «አሁን ባለበት ሁኔታ» የሚለው መጨመር ነበረበት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ ኢካሩስ በየዙሩ ወደ እኛ ምህዋር አካባቢ ይመጣል፤ መሬት ግን ብዙውን ጊዜ እዚያ የለችም። ሁለቱ የሚቀራረቡበት ቦታ በመሬት ምህዋር ላይ አንድ ነው፤ መሬት እዚያ የምትደርሰው በየዓመቱ በጁን አጋማሽ ነው። ስለዚህ ለመገናኘት አስትሮይዱም በጁን አጋማሽ መድረስ አለበት። አንድ ዙሩ 1.119 ዓመት ስለሆነ፣ ቀጠሮው የሚገጥመው የዙሮቹ ቁጥር በዚህ ተባዝቶ ወደ ሙሉ ዓመት ሲጠጋ ነው። 8 ዙር 8.95 ዓመት ነው፤ ወደ 9 ይቀርባል፣ ነገር ግን ልክ አይገባም። 17 ዙር 19.03 ዓመት ነው፤ ይህ የተሻለ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 25 ዙር 27.98 ዓመት ይሆናል፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላው ከሁሉም የበለጠ ይገጥማል። ታሪኩን ብታዩት ይህንኑ ይናገራል፦ ከ1949 እስከ 1968 ድረስ 19 ዓመት፣ ከ1968 እስከ 1996 ድረስ 28፣ ከ1996 እስከ 2015 ድረስ እንደገና 19። ቀጣዩ ጥሩ ቀጠሮ እ.ኤ.አ. በጁን 2043 ሲሆን፣ ከ2015 ሲቆጠር 28 ዓመት ነው፤ ርቀቱም 8.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዓይን ብቻ አይታይም፤ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል።

ለመጠበቅ ላሰቡ ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቅርብ የሚያልፈው ከፀሐይ ወደ ውጭ ሲወጣ በመሆኑ ወደ እኛ የሚመጣው በፀሐይ በኩል ነው። ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት በቀን ብርሃን ውስጥ ተሰውሮ ይቆያል፤ በሌሊቱ ሰማይ በደንብ የሚታየው አጠገባችን ከደረሰ በኋላና ሲርቅ ነው።

ባለ ሁለት መነጽር ስላልነኩት ስለ አንስታይንም ልጨምር፤ ለኢካሩስ ያለኝ ፍቅር የጀመረው ከዚህ ነው። የአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ በሜርኩሪ ምህዋር ላይ እንደተፈተነ ሁሉም ይሰማል፤ የሜርኩሪ ሞላላ በአንድ ምዕተ ዓመት 43 የዲግሪ ሰከንድ ተጨማሪ ይዞራል፤ አንድ የዲግሪ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጊልቫሪ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኢካሩስም ለዚህ ፈተና እንደሚያገለግል ጠቆመ። የኢካሩስ ተጨማሪ ዙረት በምዕተ ዓመት 10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከሜርኩሪ ሩብ አይሞላም። ሆኖም የሜርኩሪ ምህዋር ለክብ የቀረበ ስለሆነ ጫፉ ወዴት እንደሚያመለክት መለየት ያስቸግራል፤ የእንቁላልን ሹል ጫፍ ማሳየትና የብርቱካንን ሹል ጫፍ ማሳየት አንድ አይደሉም። የኢካሩስ ሞላላ እጅግ የረዘመ በመሆኑ ትንሹ ዙረት ጎልቶ ይታያል፤ ሁለቱ ሲመዛዘኑ ለመለካት ያላቸው አመቺነት ተቀራራቢ ይሆናል። ከ1968ቱ መቃረብ በኋላ ኧርዊን ሻፒሮና ባልደረቦቹ ከ1949 ጀምሮ የተሰበሰቡትን ምልከታዎች መርምረው ውጤቱ ከአንስታይን ስሌት ጋር የሚስማማ ሆኖ አግኝተውታል።

ጠያቂ፦ አዲስ ተመልካች

በሥዕሉ ላይ እርማት እያደረግኩ ነው። ስምንቱን መገናኛዎች ሰርዤ ቀማሪ የሰጡኝን ሁለት ነጥቦች፣ 0.20 እና 1.16 አሃድ ላይ፣ በቀይ ምልክት አደረግኩባቸው። አንደኛው ከሜርኩሪ ቀለበት በስተውስጥ፣ ሁለተኛው በመሬትና በማርስ ቀለበቶች መካከል ባዶ ቦታ ላይ አረፈ። ስለዚህ ከአራቱ አንዱንም አይነካም ብዬ ብደመድም ልክ ነኝ?

መልስ፦ ባለ ሁለት መነጽር

ለመሬት ፍጹም ልክ ነዎት፤ ለሌሎቹ ግን ጥቂት ይቆዩ። ሁለቱ ቀይ ነጥቦች አስትሮይዱ የመሬትን ጠለል የሚሰነጥቅባቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ፕላኔት ግን የራሱ ጠለል አለው። የማርስ ዝንባሌ ከእኛ ጠለል 2 ዲግሪ የማይሞላ፣ የቬነስ ደግሞ 3 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሆነ ለእነርሱ ነጥቦቹ ብዙም አይንቀሳቀሱም። የሜርኩሪ ግን 7 ዲግሪ ነው፤ ርቀቱም በ0.31 እና በ0.47 አሃድ መካከል ስለሚለዋወጥ ቀለበቱን በአንድ ክብ መሳል አይበቃም። ለሜርኩሪ ስሌቱን በራሱ ጠለል ላይ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ቀማሪ ወረቀታቸውን ገና ካላነሱ እርሳቸው ቢሠሩት እወዳለሁ።

መልስ፦ ቀማሪ

ወረቀቱ አለ፤ እሠራዋለሁ። ጠያቂያችን እስከዚያው ሽቦዎቹን እንዳሉ ያቆዩአቸው፤ ለሜርኩሪ ሦስተኛ ቀለበት ያስፈልገናል፣ ትንሽ፣ ሞላላና በ7 ዲግሪ የዘመመ።